ሊብሬው ባንክ፣ መኪናው ደጅዎ

ጥያቄ፦ ከአንድ ሰው መኪና ገዝቼ የዋጋውን ሦስት አራተኛ ከፈልኩ፤ ቁልፉንም ተረከብኩ። ሊብሬውን ስጠይቀው «ባንክ ነው ያለው፤ ትንሽ ብድር ቀርቶብኛል። ቀሪውን ስትሰጠኝ ዕዳዬን ዘግቼ ስሙን አዞርልሃለሁ» አለኝ። ውክልናም ሰጥቶኛል። ልክፈለው?
ቁልፍ ይዞ የተጨነቀ

መልስ፦ ይክፈሉ፤ ለእርሱ ግን አይደለም።

በባንክ ብድር ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። «ትንሽ ቀርቶብኛል» የሚል ተበዳሪ ሲመጣ መጀመሪያ ፋይሉን አወጣ ነበር። ሻጭዎ ዋሽቷል አልልም። ብዙ ሰው በየወሩ የሚከፍለው ሁሉ ከዋናው ብድር የሚቀነስ ይመስለዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የወለዱ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ወለዱ ደግሞ በየቀኑ ይቆጥራል፤ በዓመት 15 በመቶ የሚታሰብበት የ100,000 ብር ዕዳ በቀን 41 ብር ገደማ ይወልዳል። ስለዚህ ባለፈው ወር መግለጫ ላይ የሚታየው ቁጥር ዛሬ ብድሩን አይዘጋም።

ውክልናው እንዳያዘናጋዎት። በሰውየው ስም እንዲፈርሙ ያስችልዎታል እንጂ ባንኩ በመኪናው ላይ ያለውን መያዣ አያነሳም። ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም በአብዛኛው ውክልናው አብሮት ይቀበራል። ባንኩ ግን ዕዳው ካልተከፈለው መኪናውን ከእርስዎ ደጅም ቢሆን ያስነሳል።

ሻጩን ይዘው ወደ ባንኩ ይሂዱ። ብድሩ በየትኛው ቀን በስንት እንደሚዘጋ በጽሑፍ ያስጠይቁት። መጠኑ እርስዎ ጋር ከቀረው ገንዘብ ከበለጠ ልዩነቱን መጀመሪያ እርሱ ያስገባ፤ ከዚያ የእርስዎን በቀጥታ ወደ ብድር ሂሳቡ ይክፈሉ። ደረሰኙ ላይ የብድሩ ቁጥር መኖሩን ይዩ። የሚተርፍ ካለ ስሙ እስኪዞር እርስዎ ጋር ይቆይ። አብሬህ ባንክ አልሄድም ካለ ግን ሽያጩን አፍርሰው ገንዘብዎን ይጠይቁ።

ብድሩ ሲዘጋ ባንኩ መያዣውን መልቀቁን የሚገልጽ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ይጽፋል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ተበዳሪ ዕዳውን ጨርሶ ደብዳቤውን ወሰደ፤ የተሽከርካሪ መዝገብ ቤቱ መለሰው። እንደገና ጻፍኩለት፤ እንደገና መለሰው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በጣቱ አሳየኝ፤ በሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም በመኪናው መለያ ቁጥር ውስጥ ዜሮ መሆን የነበረበትን እኔ «ኦ» የሚለውን የላቲን ፊደል ጽፌው ኖሯል። ሁለተኛውን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ገልብጬ ስለነበር ስህተቱም አብሮ ተገልብጧል። ባለ 17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት ፊደላት ጨርሶ አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ የተተዉ ናቸው። ይህን እያወቅሁ ነው የሳትኩት።

እርስዎም ደብዳቤውን ይዘው መኪናው ዘንድ ይሂዱ። ቁጥሩ በብዙ መኪኖች ላይ በፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ፣ ወይም የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ ይገኛል። አንድ በአንድ፣ ድምፅዎን አውጥተው ያመሳክሩ።

ስሙ እስኪዞር መኪናውን ባይነዱት እመርጣለሁ። ኢንሹራንሱ በሻጩ ስም ነው፤ መኪናው በብድር የተያዘ ስለሆነም የካሳው ቀዳሚ ተቀባይ ብዙውን ጊዜ ባንኩ ነው። ቢጋጭ እርስዎ ከሰልፉ መጨረሻ ነዎት።