ባንድ ለምትመሠርቱ ልጆች

ልጆች፣ ሰሞኑን «ባንድ ልንጀምር ነው፣ አሳታሚ አገናኘን» የምትሉኝ በዝታችኋል። ዕድሜዬን በኪቦርድ ስለገፋሁ ጥያቄያችሁን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አሳታሚውን ትንሽ አቆዩትና ስለ አንድ የቦስተን ባንድ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ድሬስደን ዶልስ ይባላሉ። ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አማንዳ ፓልመር ፒያኖ እየተጫወተች ትዘፍናለች፣ ብራያን ቪግሊዮኒ ድራም ይመታል። በ2000 ፈረንጆች ለባብሰው በሚያከብሩት የሃሎዊን በዓል አንድ ግብዣ ላይ ተዋወቁና ባንዱን መሠረቱ። ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው መድረክ ይወጣሉ። ሙዚቃቸውን ፓንክ ካባሬ ይሉታል፤ ፓንክ የሚባለው ጩኸታም ሮክ ንዴት ከድሮ የጀርመን ካባሬ ጋር የተቀላቀለበት ነው። ካባሬ ዘፋኙ ታዳሚውን ዓይን ለዓይን እያየ፣ አንዳንዴም እየነካካ የሚያዜምበት ጠባብ ቤት ነውና አዝማሪ ቤት ላመሸ ሰው መንፈሱ አይጠፋውም።

አማንዳ ከባንዱ በፊት የት እንደተማረች ታውቃላችሁ? መንገድ ላይ! ሃርቫርድ አደባባይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷን ነጭ ተቀብታ፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ እንደ ሐውልት ድርቅ ብላ ትቆማለች። ሰው ሳንቲም ሲጥልላት ትነቃና ዓይን ዓይኑን እያየች አበባ ትሰጠዋለች። ከመኪና ውስጥ ሆነው «ሥራ ፈልጊ!» እያሉ የሚጮሁባት ነበሩ። እሷ ግን ሥራ ላይ ነበረች፤ የማታውቀውን ሰው ሳያፍሩ መቅረብን፣ የሚሰጣትንም ሳያፍሩ መቀበልን እየተማረች ነበር።

ይህንኑ ወደ ባንዱ ይዛው መጣች። ሾው ሲያልቅ በጓሮ በር አይጠፉም፤ ወርደው ይፈርማሉ፣ ያወራሉ፣ ያቅፋሉ። አድናቂዎቹም ለባብሰው መጥተው አዳራሹ ውስጥ የራሳቸውን ትርኢት ያሳዩ ነበር። እናንተ ዩቲዩብ ላይ እይታ ስትቆጥሩ ታመሻላችሁ፤ ባለፈው ሾው ፊት ለፊት ቆማ አብራችሁ ስትዘፍን የነበረችውን ልጅ ስሟን ጠይቃችኋል?

የመጀመሪያውን የስቱዲዮ አልበም በ2003 ራሳቸው አወጡት። ከዚያ በኋላ ነው ሮድራነር የሚባለው፣ በሜታል ሙዚቃ የሚታወቀው አሳታሚ ያስፈረማቸው። በ2005 ናይን ኢንች ኔይልስ ለሚባለው ታዋቂ የሮክ ባንድ መድረክ ከፈቱ፣ በ2006 ሁለተኛውን የስቱዲዮ አልበም አወጡ። ሲታይ ሁሉ ነገር የተሳካ ይመስላል። አማንዳ ራሷ እንደተናገረችው ግን አልበማቸው በጥቂት ሳምንታት 25,000 ገደማ ቅጂ ሲሸጥ አሳታሚው «ከሽፏል» አለ። ልጆች፣ 25,000 ሰው ማለት እኮ ስታዲየም ነው! ውል ከመፈረማችሁ በፊት አሳታሚው «ተሳካ» የሚለው ስንት ሲሸጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ የእናንተና የእሱ ቁጥር ላይገናኝ ይችላል።

ባንዱ በ2008 እረፍት ወሰደ፣ በ2010 ሁለቱ ተመልሰው አብረው ተጫወቱ። በዚያው ዓመት አማንዳ ከአሳታሚው ተለያየች። በ2012 ለአዲስ አልበሟ ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማዋጫ ድረ ገጽ ላይ 100,000 ዶላር እንዲያዋጡላት ሕዝቡን ጠየቀች። ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር መጣላት። ያዋጣው ሰው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 25,000 አካባቢ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ሰዎቹ ከሰማይ አልወረዱም፤ ብዙዎቹ ከዚያ ሁሉ ፊርማና ወሬ የመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ያንኑ ዓመት አንድ ነገር ደግሞ አጨቃጨቀ። በጉዞዋ ላይ የየከተማውን ሙዚቀኞች በነፃ አብረዋት እንዲጫወቱ ጋበዘች፤ ብዙ ባለሙያ ተቆጣ፣ እሷም በመጨረሻ ልትከፍላቸው ወሰነች። እኔ ከተቆጡት ጋር ነኝ። አድናቂን እርዳታ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሳክስፎን የሚነፋላችሁ ልጅ ግን የቤት ኪራይ አለበት፣ ስለዚህ ዋጋውን ከልምምድ በፊት ተነጋገሩና ሾው ባለቀበት ማታ በእጁ ስጡት።