ደሴ ላይ ውጭ ቁጭ ብለሽ ስትስዪ መጀመሪያ ጥላውን ያዢ

ሰላም እህቴ። «አይጠየፍ አዳራሽን በውሃ ቀለም ልስል ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ለፋሁ፤ መጨረሻ ላይ ሥዕሉ ጭቃ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኔም ስንት ወረቀት ያበላሸሁት እዚያው ነው።

ጥፋቱ የቀለሙ አይመስለኝም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስትጀምሪ የነበረው ጥላ 4 ሰዓት ላይ የለም። አንቺ ግን ፀሐይዋን እየተከተልሽ ጥላ ላይ ጥላ ትደርቢያለሽ። ጭቃው የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ዋና ዋናውን መስመር በእርሳስ ቶሎ ንደፊና የጥላውን ጠርዝ ወዲያው አስምሪበት። ከዚያ ወዲያ ፀሐይዋ የትም ትሂድ፣ አንቺ የያዝሽውን አትልቀቂ። ቀለል ያለውን ቀለም በሰፊ ብሩሽ አልብሺው። ሲደርቅ ጥላውን አንዴ ጣል አድርጊና አትመለሺበት።

«ሲደርቅ» ያልኩት ደሴ ላይ ቀልድ አይደለም። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጉሙ ከወረደ ወረቀቱ አልደርቅ ይላል። አንድ ክረምት ቸኩዬ ጥላውን እርጥቡ ላይ ጣልኩትና ሰማዩ ጣሪያው ውስጥ ገባ። ኮምቦልቻ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሞቃት ስለሆነች ብሩሼ ጫፍ ሳይደርስ የጀመርኩት ደርቆ መስመር ሠራብኝ። እዚያ ስትወርጂ ቀለሙን አስቀድመሽ በዛ አድርገሽ በጥብጪ።

ለቆርቆሮው ነጭ ቀለም አትግዢ። የሚያበራውን ቦታ ወረቀቱን ራሱን ተዪው። ለዝገቱ በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ይበቃል። እሱኑ ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ስትቀላቅዪው ለጥላ የሚሆን ቆንጆ ግራጫ ይወጣል፤ ጥቁሩን ቱቦ ቤት ተዪው። ወረቀት ላይ ግን አትሰስቺ። ስሱ ወረቀት ይጨማደዳል፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነውን ፈልጊ።

ደግሞ እንደ ወንድም ልምከርሽ፣ በአይጠየፍ አትጀምሪ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ሀብታምና ድሃ ሳይለይ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነው ይባላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ጀማሪ ሠዓሊን ግን ይጠየፋል! በጣም ትልቅ ነው። ፒያሳ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንድ መስኮትና ከበላዩ ያለችውን የጣሪያ ጫፍ ብቻ ያዢ። ከሰዓት ከሆነ ፈጠን በይ፤ ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ጥላሽም አብሮ ይሄዳል።

ሰው ይከበኛል ላልሽው፣ መከበቡ አይቀርም። እኔን አንድ ጥበቃ «ካርታ ነው እንዴ የምታነሳው?» ብሎ አስነስቶኛል። አሁን በርጩማዬን ከመዘርጋቴ በፊት ሄጄ ሰላም እላለሁ፣ የድሮ ሥዕሎቼን አሳያለሁ። ከልጆቹ ደግሞ በጣም የሚረብሸውን እመርጥና የውሃ ጣሳዋን አስይዘዋለሁ። ሌሎቹን እሱ ራሱ ያባርርልኛል።