የክሩዝ ኩባንያ ስትቀይሩ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። በአንድ የክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ኩባንያ ሁለት ሦስቴ ተጉዛችሁ፣ አሁን ሌላ ለመሞከር ፈራ ተባ የምትሉ ናችሁ። ይገባኛል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ዕረፍቱም በዓመት አንዴ ነው። አምስቱን መርጬ ልመልስ።

ሦስት ጊዜ ከባልቲሞር በካርኒቫል ተጉዘናል። ሌላ ኩባንያ ብንሞክር ደጋግመን በመጓዛችን ያገኘነው የአባልነት ደረጃ ይቀርብናል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ሌላ ስለሞከራችሁ ብቻ አይቀርባችሁም፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይላችሁ ግን ካርኒቫልን ጠይቁ። ደግሞም ወደ አዲሱ ኩባንያ ይዛችሁት አትሄዱም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርኒቫል፣ ፕሪንሰስና ሆላንድ አሜሪካ ባለቤታቸው አንድ ነው። ቢሆንም በካርኒቫል ያገኛችሁት ደረጃ ፕሪንሰስ ላይ አይሠራም። ሮያል ካሪቢያንና ሰለብሪቲ ግን አንዱ የሌላውን ደረጃ ይቀበላል። ኤምኤስሲም በሌላ ኩባንያ ያላችሁን ደረጃ አይቶ ተመጣጣኙን የሚሰጥበት አሠራር አለው። ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግዙፎቹን አዳዲስ መርከቦች ከባልቲሞር አትጠብቁ። በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ ስላለባቸው ቁመታቸው ከ185 ጫማ ገደማ መብለጥ አይችልም። እንደ አይከን ኦቭ ዘ ሲስ ያለውን ከፈለጋችሁ ጉዞው ከማያሚ ነው የሚነሳው፤ የአውሮፕላኑንም ወጪ አብራችሁ አስሉ።

እናቴን ነሐሴ ላይ ከሲያትል ወደ አላስካ ልወስዳት ነው። ከዚህ በፊት በሮያል ካሪቢያን ሄደናል፤ አሁን ሆላንድ አሜሪካን አስቤያለሁ። ፍልሰታን ትጾማለች፤ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የላትም። (ከሬንተን)

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ የራሴን እናት አስታወሰኝ። አንድ ጊዜ በሌላ መርከብ ይዣት ስሄድ «ቬጂቴሪያን ናት» ብዬ አስመዘገብኳት። የመጣላት ምግብ ሁሉ ቅቤና አይብ ያለበት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በዳቦና በፍራፍሬ ዋለች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ቃሉን አጥብቀሽ ያዢ። «ቪጋን» በይ። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ እንደማትነካ ዘርዝሪ። ዓሣ የማትበላ ከሆነም ተናገሪ። የሕንድ የአትክልት ምግብ አለ ቢሉሽም ቅቤና እርጎ እንዳለበት ጠይቂ። ይህን ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብለሽ በጽሑፍ አሳውቂ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ደግሞ የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊ ራሱን አነጋግሪ። ብዙ ጊዜ የነገውን ሜኑ ማታውኑ አምጥተው ያስመርጣሉ። ጾሟ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነም ንገሪያቸው፤ ምሳዋ እንዲቆይላት።

ስለ ኩባንያው ከሆነ፣ ለእናትሽ የምመርጠው ሆላንድ አሜሪካን ነው። መርከቦቹ መካከለኛ ናቸው፤ ተሳፋሪው በዕድሜ ገፋ ያለ ነው፤ ማታ ማታ የሚሰማው ሙዚቃ እንጂ የልጆች ጩኸት አይደለም። ትልቁ ምክንያቴ ግን ግላሲየር ቤይ የተባለው የአላስካ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የክሩዝ መርከብ አያስገባም። ከፈቃዱ አብዛኛውን የያዙት ደግሞ ሆላንድ አሜሪካና ፕሪንሰስ ናቸው። የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው ስለ በረዶው ያስረዳሉ። ሁሉም ጉዞ እዚያ ስለማይገባ ቡክ ስታደርጊ አረጋግጪ።

አሁን ስለ ወረቀቱ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። በእሱ ምክንያት የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከሲያትል ተነስቶ አላስካ ደርሶ ሲመለስ ካናዳ ጎራ ማለት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማል። ካናዳ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ግን ትጠይቃለች። ዛሬውኑ የእናትሽን ፓስፖርት አውጥተሽ ቀኑን እዪ። ማደስ ካስፈለገ ጊዜ ይወስዳል።

የሌላው ኩባንያ ዋጋ ከለመድነው በጣም ያንሳል። ምን ተደብቆብን ነው? (ከዳላስ)

ላይደበቅ ይችላል፤ ግን ደምራችሁ አወዳድሩ። ብዙዎቹ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ቲፕ ሂሳቡ ላይ ይጨምራሉ። በ18 ብናስበው ለአራት ሰው በሰባት ቀን 504 ዶላር ነው፤ ልጆቹም ይቆጠራሉ። ዋይፋይና መጠጥ ለየብቻ ናቸው። ሁለቱንም ኩባንያዎች እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ድረስ ውሰዷቸው፤ ከዚያ ፍረዱ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ከባርሴሎና በኤምኤስሲ መሄድ እችላለሁ? ካሪቢያን ላይ ቪዛ ጠይቀውኝ አያውቁም። (ከአትላንታ)

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፣ ወንድሜ። ባሃማስና ሜክሲኮ ግሪን ካርድዎን አይተው ያስገባሉ፤ አውሮፓ ግን አያስገባም። ለብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ ያስፈልግዎታል። መርከቡ ቱኒዝያ ወይም ቱርክ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ደጋግሞ የሚያስገባውን ቪዛ ይጠይቁ፤ የነዚያን አገሮች የመግቢያ ሁኔታም ለየብቻ ያጣሩ። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ አይዘግዩ። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አይግዙ።

ብቻዬን ነው የምጓዘው። ሁልጊዜ የሁለት ሰው ሂሳብ ነው የምከፍለው። (ከሚኒያፖሊስ)

ኖርዌጂያን የሚባለውን የክሩዝ ኩባንያ እዪ። በ2010 ሥራ በጀመረችው ኤፒክ መርከብ ላይ 128 ካቢኖችን ለአንድ ሰው ብለው ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች መርከቦቻቸውም አሉ። ጠባብ ናቸው፣ ወደ ዘጠኝ ካሬ ሜትር። የኤፒኮቹ ወደ ባሕር የሚያይ መስኮት የላቸውም። ግን ብቻቸውን የመጡ ሰዎች የሚገናኙበት የጋራ ሳሎን አላቸው። ቶሎ ያልቃሉ፤ ሊያልቁ ሲሉ ደግሞ ዋጋቸው ከተራው ካቢን ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የሁለቱንም ዋጋ አስወጥተሽ አስተያዪና ያዋጣሽን ያዢ።