«ይግባኝ» ወይስ «ክለሳ»? ስለ ተከለከለ ቪዛ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን አባት፣ ልጃቸው ካናዳ ሄዶ ለመማር ያመለከተበት ቪዛ እንደ ተከለከለና ጠበቃ ይዘው ጉዳዩን ወደዚያው አገር ፍርድ ቤት እንዳቀረቡ ገልጸው፣ «ለዘመድ አዝማድ ‹ይግባኝ ብለናል› ስንል ጠበቃው ‹ይግባኝ ሳይሆን ክለሳ ነው› እያለ ያርመናል። ልዩነት አለው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ አለው። ጠበቃው ልክ ነው፤ ልዩነቱም ቤተሰቡ ከፍርድ ቤቱ ምን ሊጠብቅ እንደሚገባ የሚወስን ነው።

«ይግባኝ» ባለጉዳይ ነገሩ ወደ በላይ ዳኛ እንዲገባለት የሚያሰማው ቃል ሲሆን፣ ውሎ አድሮ ስም ሆኖ ቀርቷል። ይግባኝ የተባለለት ዳኛ ነገሩን ራሱን መርምሮ የበታቹን ፍርድ ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይም ይሽራል። ስለዚህ «ይግባኝ ብለናል» የተባለ ዘመድ፣ ከረታን ዳኛው ቪዛውን ይሰጣል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

የካናዳው ፌዴራል ፍርድ ቤት ግን በልጅዎ ጉዳይ ይህን አያደርግም። አስቀድሞ ዳኛው አቤቱታው እንዲሰማ መፍቀድ አለበት፤ ክልከላው ከካናዳ ውጭ የተሰጠ ከሆነ ማመልከቻው ውሳኔው በታወቀ በ60 ቀን ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ከተፈቀደም በኋላ የሚመረመረው ልጁ ቪዛ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ሳይሆን፣ የቪዛ ሹሙ በፊቱ በነበረው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሰጠው ውሳኔ ምክንያታዊ መሆኑና አካሄዱም ፍትሐዊ መሆኑ ነው፤ ጠበቃው «ክለሳ» የሚለውም ይህንኑ ነው። ለምሳሌ ሹሙ «ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል ብዬ አላምንም» ብሎ ከልክሎ፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ንብረቱ የቀረበውን ማስረጃ አንሥቶ ሳይመዝነው ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ውሳኔውን ሊሽረው ይችላል። ከተሻረ ጉዳዩ እንደ ገና እንዲታይ ለሌላ ሹም ይመለሳል፤ ያም ሹም በበቂ ምክንያት ዳግመኛ ሊከለክል ይችላል። ከብት ሸጦ የጠበቃ ለሚከፍል ወላጅ ይህ ከመነሻው በግልጽ ሊነገረው ይገባል እላለሁ።

«ክለሳ» የሚለው ቃል ራሱ ግን እንከን አያጣም። ተማሪ ለፈተና ትምህርቱን ይከልሳል፤ መጽሐፍም ተከልሶ ይታተማል፤ በዚህ የለመደ ጆሮ «ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ከለሰ» ሲባል ዳኛው አስተካክሎ ጻፈው ብሎ ሊረዳ ይችላል። ከሕግ ባለሙያዎች ውጭ ለሆነ ሰው ሲነገር «የቪዛ ክልከላው ሕጋዊነት በፍርድ ቤት እንዲመረመር አመልክተናል» ቢባል የተሻለ ነው፤ ቢረዝምም አያሳስትም።

«ይግባኝ»ም በዚያው አገር ትክክለኛ ቦታ አለው። የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የትዳር ጓደኛውን ለመውሰድ አመልክቶ ቪዛው ሲከለከል፣ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ክፍል አቤት ማለት ይችላል። እዚያ አዲስ ማስረጃ ይቀርባል፣ ምስክር ይሰማል፣ ነገሩም ከሥሩ ይታያል፤ በዚህ ጊዜ «ይግባኝ ብለናል» ቢሉ ጠበቃውም አያርምዎትም።