«ባሌ ሜላንኮሊክ ነው» ላልሽኝ እህቴ

ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከተጋባችሁ ሦስት ዓመታችሁ ነው። ባለፈው ወር ስልክ ላይ ያገኛችሁትን፣ ሰውን በአራት ዓይነት የሚከፍል የባሕርይ ቴስት አብራችሁ ሞላችሁ፤ አንቺ ኮሌሪክ (ቁጡና ቆራጥ)፣ እሱ ሜላንኮሊክ (ዝምተኛና ተካዥ) ሆናችሁ። ከዚያ ወዲህ በተጋጫችሁ ቁጥር አራት ቀን ያኮርፍና «አቦ ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይልሻል። አንቺም «ከመጀመሪያው የማንገጥም ሰዎች ነበርን ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ውጤቱ እንደዚያ አይልም።

የላክሽልኝን ቁጥር እንየው። ከ40ው ጥያቄ ባልሽ ሜላንኮሊክ ላይ 13፣ ፍሌግማቲክ (ረጋ ያለ) ላይ 12 አግኝቷል። አንዲት ጥያቄ ላይ ሌላውን ቃል ቢመርጥ ኖሮ ዛሬ «ባሌ ፍሌግማቲክ ነው» ብለሽ ነበር የምትጽፊልኝ፤ ሰውየው ግን ያው ነው። እንዲህ ዓይነት ቴስት ላይ ከስሙ በፊት ቁጥሩን እዩ፤ ሁለተኛው ምን ያህል እንደተጠጋው፣ የሞላ ቀንም ስሜቱ እንዴት እንደነበር።

ስሞቹ የመጡት ከጥንት ግሪኮች ሕክምና ነው። ሰው የሚተክዘው ጥቁር ሐሞት ሲበዛበት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሜላንኮሊክ የሚለውም ከዚያ የመጣ ነው። ሕክምናው ይህን ከተወው ቆየ። «ግን እኮ ልክ እሱን ነው የገለጸው» ብለሻል። በ1948 እ.ኤ.አ. ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ 39 ተማሪዎቹን ቴስት አስሞላና ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቃቀመውን አንድ ዓይነት ጽሑፍ የየግል ውጤታችሁ ነው ብሎ ለሁሉም አደለ። ልክነቱን ከ5 ስንት ትሰጡታላችሁ ሲላቸው አማካዩ 4.26 ሆነ።

ተፈጥሮ የሚባል ነገር የለም እያልኩሽ አይደለም። ሕፃናት ላይ እንኳ ይታያል። ዝምተኛ ሰው ተጣልቶ ትንሽ ብቻውን መሆን ቢፈልግ መብቱ ነው። አራት ቀን ያቀረብሽለትን ምግብ እየመለሰ መክረም ግን ራሱ የመረጠው ነገር ነው፤ ሊተወውም ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ይውላል፣ ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል ብለሻል። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት፣ ንጭንጭና እንቅልፍ ማጣት እንደሚከተል ድሬ ላደገ ሰው አልነግርም። ቴስቱ ስለ ጫት አልጠየቀውም። እስቲ ያልቃመባቸውን ቀናት አስተውዪ፣ ያኔም እንደዚያው ነው? ሳይቅምም ድብርቱ ሁለት ሳምንት ካልለቀቀው ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ሂዱ።

ስትጣሉ ደግሞ ዝም ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ይበልሽ፦ «አሁን አልችልም፣ ነገ ከቁርስ በኋላ እናውራ»። ሰዓቱን እሱ ይቁረጥ፣ አንቺም እስከዚያ «ተናገር» እያልሽ አትከተዪው። ይህንንም ማታ ሳይሆን ጠዋት ንገሪው።