ከበሮውን ከኋላ አታስቀምጡት

ሰሞኑን አንድ የቆየ ወዳጄ ደወለልኝ። «ልጄ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ክፍሉን ዘጋ፤ የኛን ሙዚቃ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል፤ እባክህ ምከርልኝ» አለኝ። አሜሪካ ውስጥ በሀበሻ ሬስቶራንትና በየሰርጉ ኪቦርድ ስጫወት ስለኖርኩ መካሪ መስዬው ነው። ልጁን አልመከርኩትም። የመከርኩት አባትየውን ነው፤ ለእናንተም የምለው ያው ነው። ጊታሩን ተዉለት፤ ይልቅ ቺኮ ሳይንስን አሰሙት።

ብራዚላዊ ሙዚቀኛ ነው፤ ግን የሪዮ ሰው አይደለም። የተወለደው በ1966 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኦሊንዳ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ፣ ከፐርናምቡኮ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከረሲፌ አጠገብ። እዚያ ማራካቱ የሚባል የቆየ ጨዋታ አለ። በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ከመሀላቸው «የኮንጎ ንጉሥ» ብለው ሲያነግሡ ከነበረው ሥርዓት የመጣ ነው። በካርኒቫል ንጉሡና ንግሥቲቱ አምረው ይወጣሉ፣ አልፋያ የሚሉት በገመድ የተወጠረ ትልቅ የእንጨት ከበሮም አብሮ ይደለቃል። ደረት ነው የሚመታው።

ቺኮ ደግሞ ልቡ ፈንክና ሂፕሆፕ ላይ ነበር። የሮክ ባንድ ነበረው፤ ከዚያ ላሜንቶ ኔግሮ ከሚባሉ የሠፈር ከበሮ መቺዎች ጋር ተገናኘና ሁለቱን ቀላቀላቸው። ናሳዎ ዙምቢ የሚባለው ባንዱ የወጣው ከዚህ ነው። ረሲፌ የጭቃና የሸርጣን ከተማ ናት፤ እሱና ጓደኞቹም ምልክታቸው ያደረጉት ጭቃ ላይ የተተከለ ዲሽ ነው። በዲሽ ላደግን ሰዎች ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እኛ ውጭ ያለን ሰዎች «ባህላዊ ከዘመናዊ» ስንል ብዙ ጊዜ የኪቦርዱን ችክችካ ተጭነን፣ መሀል ላይ ማሲንቆ ትንሽ አስጩኸን እንጨርሳለን። እነ ቺኮ በ1994 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የሮክ ድራም በሚቀመጥበት ቦታ ሦስት አልፋያ ነው ያቆሙት፤ ያ ከባድ ጊታር እነሱን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ከበሮውን መጨረሻ ላይ እንደ ሚጥሚጣ አትነስንሱት። መጀመሪያ እሱን ቅረጹ፣ ጊታሩ መግቢያውን ይፈልግ።

ይህን የምለው ተሳስቼበት ነው። አንድ ሰርግ ላይ ከጎንደር የመጣ ከበሮ መቺ ጎኔ ተቀምጦ «ወንድሜ፣ ማሽኗን አጥፋልኝ» አለኝ። በጣም ነው የከፋኝ። አጠፋሁት፤ ቁጭ ብለው ሲያዩን ያመሹት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተነሥተው ትከሻቸውን ያዙት።

እንዲህ ያለ ሰው ከተማችሁ ውስጥ አይጠፋም፤ ቤቱ ሂዱ፣ ቡናውን ጠጡ፣ እጁን እዩ። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ግን እንዳትነኩት፣ እሱ የማኅሌት ነው፤ የሰርጉን ተዋሱ።

ቺኮ ሁለት አልበም ብቻ አድርሶ፣ በ1997 በረሲፌና ኦሊንዳ መሀል በመኪና አደጋ ሞተ፤ 30 ዓመቱ ነበር። ባንዱ ያለ እሱ ቀጥሏል። በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ አልፋያው ይጠፋል።

አባትየው ትናንት ደውሎ ነበር። አሁን ደግሞ ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ አስቸግሮታል።