ጽፎ ለመገላገል

ውድ ልጆቼ፣

ጭንቀት ሲበዛባችሁ «ደብተር ያዙና የሚሰማችሁን ጻፉ» የሚላችሁ አይጠፋም። እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ጽፎ ጽፎ የባሰ የሚከፋው ሰው የሚበዛውም ለዚህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔነቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሳንድራ ቢል ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ ተደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። ጽፈው እንደጨረሱ ግን ስሜታቸው ከፍቶ፣ የደም ግፊታቸውም ጨምሮ ነበር። እናንተም የመጀመሪያው ቀን ከከበዳችሁ አትደንግጡ። በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም ትንሽ ነው፤ ተአምር አትጠብቁ።

እናንተም ለ4 ቀን እንዲሁ ለመጻፍ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪቢቶ ይበቃችኋል። ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ሰዓቱ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሙሉና ፊቱን ደፍታችሁ አስቀምጡት። ከዚያ እጃችሁ ሳይቆም ጻፉ። የምትሉት ካለቀባችሁ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ድገሙት፤ ቀጣዩ ራሱ ይመጣል። የትኛው «ሀ» ነው፣ የትኛው «ጸ» ነው እያላችሁ አትቁሙ፤ የሚያርማችሁ አስተማሪ የለም። አፋችሁን የፈታችሁት በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ጻፉ። ሰዓቱ ሲጮህ፣ ቃል መሐል ብትሆኑም ዝጉት።

ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ መሀል ከተማ ሠርቶ የሚመለስ ሰው ቤቱ ሲደርስ ይመሻል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ አልጋ ላይ ሆነው ይጽፋሉ። ይህን አልመክርም። የተቀሰቀሰው ስሜት ሳይበርድ እንቅልፍ እንቢ ይላል። ራት እስኪደርስ ባለው ጊዜ ጻፉ። ለመኝታ የሚሆነው ሌላ ነው፦ 5 ደቂቃ የነገ ሥራ ዝርዝር። እ.ኤ.አ. በ2018 ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት የሚጠብቃቸውን ሥራ የጻፉ ወጣቶች የሠሩትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዝርዝሩ በተብራራ ቁጥር ይሻላል። «ሥራ መፈለግ» ብላችሁ አትተዉት፤ «ጠዋት 12፡30 ከቱሉ ዲምቱ መነሳት፣ ሲቪ ሁለት ኮፒ ማስወጣት፣ ለአከራይዋ መደወል» ይሁን።

ትልቁ እንቅፋት ግን ገመና ነው። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ከእህት፣ ከወንድም ወይም ከደባል ጋር የሚኖር ሰው ደብተሩ ይነበብብኛል ብሎ ይሰጋል። የሰጋ ሰው ደግሞ ለሚያነብበት ሰው ነው የሚጽፈው፤ ያኔ ምንም አይረባም። በቁርጥራጭ ወረቀት ጻፉና ቀዳዳችሁ ጣሉት፤ የሚጠቅመው መጻፉ እንጂ ማስቀመጡ አይደለም። (ሽንት ቤት ብቻ አትጣሉት። የኮንዶሚኒየም ቱቦ ከተደፈነ ሌላ ጭንቀት ነው።)

ሁለተኛው እንቅፋት አንዱን ብሶት ማመንዠክ ነው። አንዲት ልጅ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «ዛሬም አለቃዬ ሰው ፊት ሰደበኝ። ጠላሁት። ሥራውንም ጠላሁት።» ለመጀመሪያ ቀን ደህና ነው። በሦስተኛው ቀንም ይኸው ከሆነ ግን ቁስሉን እየነካካች ነው። የሚበጀው እንዲህ ሲሆን ነው፦ «ያናደደኝ ስድቡ ብቻ አይደለም፤ ዝም ማለቴ ነው። ዝም ያልኩት የቤት ኪራይ ስለደረሰ ነው። ስለዚህ ደመወዝ ከወጣ በኋላ ለብቻው አነጋግረዋለሁ።» ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ሲተነትኑም፣ የተሻላቸው ሰዎች ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»፣ «አሁን ገባኝ» ዓይነት ቃላት እየበዙላቸው የሄዱት ናቸው። ካልመጣላችሁ በአራተኛው ቀን ያንኑ ነገር «እኔ» በማለት ፈንታ «እሷ» ወይም «እሱ» እያላችሁ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ጻፉት። እንደዚያም ሆኖ ካልተንቀሳቀሰ ርዕሱን ቀይሩ።

በየቀኑ ካልጻፋችሁ የሚለውን ምክር እኔ አልወደውም። አራቱ ቀን ካለቀ በቃ። አዲስ ነገር ሲገጥማችሁ ትመለሱበታላችሁ።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይቸኩል። ለቅሶ በተቀመጣችሁበት ሰሞን ዕድርተኛው፣ ዘመድና ጎረቤት የሚያደርገውን ደብተር አያደርግም፤ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ይለፉ። ስትጽፉም አንድ ርዕስ የማትችሉት መስሎ ከተሰማችሁ ወዲያው አቁሙ፤ በግድ የሚጻፍ የለም።

እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ብቅ ካለ፣ ይህ የደብተር ጉዳይ አይደለም። የራስን መጉዳት ሐሳብ ከሆነ ለምታምኑት ሰው ነግራችሁ ያኔውኑ አብራችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ይጽፍላችኋል፤ አዲስ አበባ ያሉት የካ ኮተቤም አማኑኤልም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የእንቅልፍና የምግቡ ጉዳይ ከሆነ ግን፣ ከመሄዳችሁ በፊት እንቅልፍ ከመቼ ጀምሮ እንደራቃችሁ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ፣ ጫት ወይም መጠጥ ካለ ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ የሚጠፋባችሁ ይኸው ነውና።